የትኛው መነጽር ይሻለኛል? ዕድሜያቸው ከ40 ላለፈ የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች የንጽጽር መመሪያ

ዕድሜያቸው ከ40 አለፍ ያለ ሰዎች ወደ መመርመሪያ ክፍላችን የሚመጡት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው ነው፤ የስልኩ ጽሑፍ ካልራቀ አይነበብም፣ እጅ ደግሞ ከዚህ በላይ አይረዝም። ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚመጣውም ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ታዲያ የቱ ይሻለኛል?» በገበያ ካርቶን ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ዝግጁ የንባብ መነጽር አለ፤ በሐኪም ማዘዣ የሚሠራ አለ፤ ከታች መስመር ያለው ባይፎካል አለ፤ መስመሩ የማይታይ፣ ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ፕሮግረሲቭ አለ፤ በዚያ ላይ ሻጩ ፀሐይ ላይ ስለሚጠቁር፣ ነጸብራቅ ስለሚቀንስና ሰማያዊ ብርሃን ስለሚከላከል ሌንስ ይጨምርበታል። ይህ ጽሑፍ የማንንም ሱቅ ወይም የንግድ ምልክት አያወድስም። አስቀድሞ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእነርሱ ይመዝናል።

መጀመሪያ ቁጥሩን መረዳት

በሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ የሚሠሩ አንድ የ52 ዓመት ልብስ ሰፊ ከገበያ የገዙትን +3.00 መነጽር አድርገው መጡ። ከዚያ በፊት +2.00 ነበራቸው፤ ሻጩ «ከፍ ያለው የበለጠ ያሳያል» ብሎ ቀየረላቸው። «አቦ ዶክተር፣ መርፌው ይጠፋኛል፤ አንገቴም አለቀ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሲሰፉ እንዴት እንደሚቀመጡ እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጠረጴዛዬን እንደ ስፌት መኪና ቆጥረው ተቀመጡና ጨርቅ የሚገፉ ይመስል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የራሳቸውን ሜትር ተቀብዬ ከዓይናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ስለካ 45 ሴንቲሜትር ሆነ። መነጽሩን አድርገው ጋዜጣ እንዲያነቡ ስጠይቃቸው ደግሞ ጽሑፉ የጠራላቸው ወደ 30 ሴንቲሜትር ሲያቀርቡት ነበር። ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ሲያስጎነብሳቸው የኖረው ይህ የ15 ሴንቲሜትር ልዩነት ነው።

የመነጽር ቁጥር ሲጨምር የማየት ኃይል አይጨምርም፤ የሚጠራው ቦታ ወደ ዓይን ይቀርባል እንጂ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 100ን ለቁጥሩ ሲያካፍሉ የሚገኘው ውጤት፣ ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቶ ለሚያይ ሰው ሌንሱ የሚያጠራበት የመጨረሻው ርቀት በሴንቲሜትር ነው። በ+1.00 እስከ 100፣ በ+2.00 እስከ 50፣ በ+2.50 እስከ 40፣ በ+3.00 እስከ 33 ሴንቲሜትር ይጠራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ቅርብ ድረስ እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ የቀረው ኃይል ነው። ይህ ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ እንደ ልጅነቱ ቅርጹን ለውጦ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል፤ 60 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ከዚህ ችሎታው የሚቀረው እጅግ ትንሽ ነው። ለልብስ ሰፊው +1.75 ሞከርን፤ መርፌውም በ45 ሴንቲሜትር ላይ ወገባቸውን ሳያጎብጡ ታየ።

አምስቱ መመዘኛዎች

ከዚህ የሚነሣው የመጀመሪያው መመዘኛ የሥራዎ ርቀት ነው። ወደ ምርመራ ከመምጣትዎ በፊት በቤትዎ ወይም በሥራ ቦታዎ በሜትር ይለኩት፤ መጽሐፍና ስልክ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከ60 እስከ 70፣ የሱቅ መደርደሪያ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ሁለተኛው፣ በቀን ውስጥ ስንት ዓይነት ርቀት እንደሚያዩና ከአንዱ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሚመላለሱ ነው። ቁርኣን ወይም ዳዊት ለመድገም ተቀምጦ አንድ ሰዓት የሚያነብ ሰውና ተማሪዎቹን፣ ሰሌዳውንና መጽሐፉን በየደቂቃው የሚያፈራርቅ መምህር አንድ ዓይነት መነጽር አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው የሁለቱ ዓይኖች እኩልነት ነው፤ ይህን ያለ ምርመራ ማወቅ አይቻልም። አራተኛው መነጽሩ የሚደረግበት ቦታ ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ፣ የጀጎል የድንጋይ ደረጃ፣ የባጃጅ መሪ ወይም የጋራዥ ብልጭታ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። አምስተኛው ገንዘብ ነው። ገንዘብ ስል ግን የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የመተኪያውንም ማለቴ ነው፤ በየስድስት ወሩ መነጽር የሚጥል ሰው ውድ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት ራሱን በሐቀኝነት ይጠይቅ።

መነጽር ከመግዛት በፊት ሐኪም ማየት ያለባቸው

ማየት በድንገት ከቀነሰ፣ በአንድ ዓይን ላይ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፣ ብልጭታና አዲስ ጥቁር ነጠብጣቦች ከበዙ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ ከፍተኛ ሕመም ካለው ጉዳዩ የመነጽር አይደለም፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ያስፈልገዋል። የስኳር ሕመምተኞችም የደማቸው ስኳር ከፍ ዝቅ በሚልበት ጊዜ የመነጽር ቁጥራቸው አብሮ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ስኳሩ ጥቂት ሳምንታት ተረጋግቶ ሳይቆይ ውድ ሌንስ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በደስታ ያወራዋል፤ «አባባ በ70 ዓመታቸው መነጽራቸውን ጥለው ማንበብ ጀመሩ!» ይህ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። የዓይን ሞራ በዓይን ውስጥ ባለው የተፈጥሮ ሌንስ መሃል ሲጀምር ዓይኑን ወደ ቅርብ ተመልካችነት ስለሚገፋው ቅርቡ ለጊዜው ይጠራል፤ ሩቁ ግን አብሮ ይደበዝዛል። እኚህ አባት የሚያስፈልጋቸው የሞራ ምርመራ ነው። ልጆች ደግሞ ፈጽሞ በገበያ መነጽር አይሞከሩም፤ በልጅነቱ በትክክለኛ መነጽር ያልታረመ ዓይን ሰነፍ ዓይን፣ ማለትም አጥርቶ ማየትን ሳይለምድ ያደገ ዓይን፣ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም ሕክምናው ይከብዳል።

ዝግጁ የንባብ መነጽር

ከእኛ ሙያ ሰዎች መካከል ይህን መነጽር በጅምላ የሚያወግዙ አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል የሆኑና አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት እኩል ክብ ባለመሆኑ ምስሉ በአንድ አቅጣጫ የሚደበዝዝበት ችግር) የሌለው ሰው ለአጭር ንባብ ዝግጁ መነጽር በርካሽ ያገለግለዋል። ቢሰበር አያስለቅስም፤ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሱቅ ማስቀመጥ ይቻላል። የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊም ምርመራው ሁለቱ ዓይኖቻቸው እኩል መሆናቸውን ስላሳየ ከእኛ የወጡት የሚሠራ መነጽር አዘው ሳይሆን +1.75 የሚል ወረቀት ይዘው ነው።

ድክመቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ሁለቱም ሌንሶች አንድ ቁጥር አላቸው፣ የብዙ ሰው ዓይኖች ግን በመጠኑም ቢሆን ይለያያሉ። አስቲግማቲዝምን አያርምም። የሌንሶቹ መሃል ለመሃለኛ ሰው ተገምቶ የተሠራ ነው፤ የአዋቂዎች የሁለት ዓይን ብሌን ርቀት ግን ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ድረስ ይለያያል። በዝቅተኛ ቁጥር ይህ እምብዛም አይሰማም፤ ቁጥሩ ከፍ ሲልና ንባቡ ሲረዝም ግን ግንባር ላይ እንደ ገመድ የሚያስር ራስ ምታት ያመጣል።

«የገበያ መነጽር ዓይን ያበላሻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። የአዋቂን ዓይን አያበላሽም፤ ድካምና ራስ ምታት ግን ያመጣል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰዎች ማንበብ ስለቻሉ ብቻ ዓይናቸው ጤነኛ እንደሆነ ማሰባቸው ነው። ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው እኮ በዝግጁ መነጽር ለዓመታት ሲያነብ ይኖራል፤ በሽታው ከዳር እየበላ መጥቶ መሃሉን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። «መነጽር ከጀመርኩ ዓይኔ ይለምድብኛል» የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም። በየጥቂት ዓመቱ ቁጥር የሚጨምረው ዕድሜ ነው፤ መነጽር ያላደረገውም ሰው እኩል ይጨምርበታል።

ከገበያ ለመግዛት ከወሰኑ በካርቶኑ ላይ ባለው ትልልቅ ጽሑፍ አይሞክሩ። የራስዎን መጽሐፍ ወይም ስልክ ይዘው ይሂዱ፤ በለኩት ርቀት ላይ ይያዙትና ከሚጠራልዎት ውስጥ ዝቅተኛውን ቁጥር ይምረጡ። አንድ ዓይን በተራ እየሸፈኑ ያንብቡ፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚደክም ከሆነ ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱና ይመርመሩ። በመጨረሻም መነጽሩን በክንድዎ ርቀት ይዘው የበር መቃን ወይም የመብራት ምሰሶ በሌንሱ ውስጥ እያዩ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ቀጥ ያለው መስመር እንደ ውሃ ከተጥመለመለ ሌንሱ ጥራት የለውም።

በማዘዣ የሚሠራ የንባብ መነጽር

ይህ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱን ቁጥር የሚሰጥ፣ አስቲግማቲዝሙን የሚያርምና መሃሉ በእርስዎ ብሌን ልክ የሚቀመጥ ሌንስ ነው። በአንድ ርቀት ላይ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ሰው፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለጥልፍ ሠሪ፣ ስፌት ለምትሰፋ እናት ወይም ለሰዓት ጠጋኝ፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው። ሙሉው ሌንስ አንድ ቁጥር ስለሆነ የሚታየው ቦታ ሰፊ ነው፤ አንገት ማስተካከል፣ መልመድ የሚባል ነገር የለበትም። ጉድለቱ አንድ ነው። ቀና ሲሉ ደጁ ይደበዝዛል። ሽማግሌዎቻችን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው ከላዩ የሚያዩት ለዚህ ነው፤ ግማሽ ቁመት ያለው ፍሬምም ይህንኑ ብልሃት ይዞ የተሠራ ነው።

ማዘዣውን ሲቀበሉ ወረቀቱ ላይ «አድ» የሚለው ቁጥር መኖሩን ያረጋግጡ፤ በሩቁ ቁጥር ላይ ለቅርብ የሚጨመረው እርሱ ነው። የብሌን ርቀትዎም፣ ባለሙያዎች ፒዲ የሚሉት፣ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ። ወረቀቱ የእርስዎ ስለሆነ የትም መነጽር ቤት ወስደው ማሠራት ይችላሉ።

ሩቁ የማይታያቸውና ከልጅነታቸው ጀምሮ የመቀነስ ቁጥር የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ ልዩ ዕድል አላቸው። ቁጥሩ −2.50 አካባቢ የሆነ ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ በ40 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ምንም ሌንስ ያነባል። እንዲህ ያለ ሰው አውልቆ ማንበብ ካልሰለቸው ተጨማሪ መነጽር እንዲገዛ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ባይፎካል ወይስ ፕሮግረሲቭ?

ብዙ ገንዘብ የሚወጣውም ብዙ ቅሬታ የሚመጣውም እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ሁለቱም የሩቁንና የቅርቡን በአንድ ፍሬም ይይዛሉ። ባይፎካል ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለንባብ ሆኖ በመሃላቸው የሚታይ መስመር አለው። ፕሮግረሲቭ ከላይ ወደ ታች ቁጥሩን ቀስ በቀስ ስለሚለውጥ በሩቅና በንባብ መካከል ያለውን፣ የኮምፒውተሩንና የጠረጴዛውን ርቀት ጭምር ያሳያል።

ፕሮግረሲቭ ለዚህ ጥቅሙ የሚያስከፍለው ዋጋ በብር ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ያለ መስመር እንዲለወጥ ሌንሱ ሲቀረጽ የግራና የቀኝ ታችኛው ዳር መዛባቱ አይቀርም፤ ውድ በሆነው ዓይነት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ተጠቃሚው በዓይኑ ጥግ ከማየት ይልቅ አፍንጫውን ወደሚያየው ነገር ማዞር ይለምዳል። ለዚህ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በእነዚያ ቀናት አሮጌውን መነጽር እያፈራረቁ ማድረግ መልመዱን ያዘገየዋል። ባይፎካል ደግሞ ሰፊ የንባብ ቦታ ይሰጣል፣ መልመዱም ይቀላል፤ ሆኖም ዓይን መስመሩን ሲሻገር ምስሉ ይዘላል፣ መካከለኛው ርቀትም ባለቤት የለውም። ዕድሜው 45 ለሆነ ሰው ይህ ክፍተት አይሰማም፤ 60 ለደረሰና ኮምፒውተር ፊት ለሚውል ሰው ግን ያስመርራል።

የሁለቱም የጋራ ችግር ደረጃ ነው። በታችኛው የሌንስ ክፍል መሬት ሲያዩ፣ መሬቱ ለንባብ በተሠራ ቁጥር ስለሚታይ ይደበዝዛል፤ የደረጃው ጫፍም ካለበት ቦታ ሌላ ቦታ ያለ ይመስላል። በጀጎል ቁልቁለታማ የድንጋይ መተላለፊያዎች ውስጥ የሚኖሩ፣ እግራቸው የደከመ ወይም ከዚህ በፊት የወደቁ አረጋውያን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእነርሱ ሁለት የተለያዩ መነጽሮችን፣ አንዱን ለሩቅና ለመንገድ፣ ሌላውን ለንባብ፣ እመርጣለሁ። ልጆቻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውዱን ሊያደርጉላቸው ይፈልጋሉ። አንድ ልጅ ለእናቱ ከባዕድ አገር ፕሮግረሲቭ አሠርቶ ልኮላቸው፣ እርሳቸው መስኪድ ሲሄዱ አውልቀው በእጃቸው ይይዙት ነበር።

በድሬዳዋ በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ላብ። ፕሮግረሲቭ በሚሊሜትር ተለክቶ የሚቀመጥ ሌንስ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ፍሬሙ በአፍንጫ ላይ ሦስት አራት ሚሊሜትር ሲንሸራተት የንባቡ ክፍል አብሮ ወርዶ ከዓይን ይሸሻል፤ ሰውየውም ሌንሱ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ፕሮግረሲቭ የሚያሠራ ሰው የአፍንጫ መደገፊያው የሚስተካከል ፍሬም ይምረጥ። ከብሌኑ መሃል እስከ ፍሬሙ ታችኛ ጠርዝም 18 ሚሊሜትር ያህል ቢኖረው ይመከራል። ፋሽን የሆነው ጠባብ ፍሬም ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ገንዘብ የወጣበትን የንባብ ክፍል ነው። ቁመቱ ፍሬሙ ፊትዎ ላይ ተደርጎ በሌንሱ ላይ በነጥብ ካልተለካ፣ በየትኛውም መነጽር ቤት ቢሆን፣ ትዕዛዙን ያቁሙት።

ኮንታክት ሌንስ በአጭሩ

ለንባብ ብቻ ብሎ ኮንታክት ሌንስ፣ ማለትም በቀጥታ ዓይን ላይ የሚደረገውን ስስ ሌንስ፣ መጀመርን አልመክርም። በዕድሜ የዓይን እርጥበት ይቀንሳል፣ አቧራው ደግሞ አይምርም። ለስፖርት ወይም ለመልክ የሚፈልግ ሰው ግን እጁን በሳሙና ታጥቦ አድርቆ መንካት፣ አድርጎት አለመተኛትና በምንም ምክንያት በቧንቧ ውሃ አለማጠብ ግዴታው ነው፤ ከውሃ የሚመጣ አሜባ ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል። ለውበት ተብለው ያለ ማዘዣ የሚሸጡት ባለቀለም ሌንሶችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም።

ሌንሱ ከምን ይሠራ? ምንስ ይቀባ?

የመስታወት ሌንስ በቀላሉ አይጫርም፣ ነገር ግን ከተራው የፕላስቲክ ሌንስ በእጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ሲሰበርም ስለታም ነው። ፕላስቲኩ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ምት ስለሚችል ለጋራዥ ሠራተኛ፣ ለአናጺና ለልጆች የሚሆነው እርሱ ነው፤ ፀሐይ የምትለቀውን አልትራቫዮሌት ጨረርም በራሱ ይከለክላል። ጭረት ግን አይችልም፣ ስለዚህ ጭረት መከላከያ ቅብ ያስፈልገዋል። ቁጥራቸው ከ4 ወይም ከ5 በላይ ለሆነ ሰዎች ሌንሱን የሚያሳሳው 1.67 የሚባለው ዓይነት ገንዘብ ይገባዋል፤ ለ+1.50 ግን ልዩነቱ በዓይን አይለይም፣ ሻጩ ቢገፋፋዎትም ይለፉት።

ነጸብራቅ የሚቀንሰው ቅብ እውነተኛ ጥቅም አለው። ያልተቀባ ፕላስቲክ ሌንስ ከሚመጣው ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ቅቡ ይህን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። በተለይ ሌሊት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የደንገጎን ጠመዝማዛ ለሚነዳ ሰው ከፊት የሚመጣው መብራት አይበታተንበትም። ሙቀት ግን ጠላቱ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ መነጽር ቅቡ እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጣጠቃል። በሽርጥ ወይም በነጠላ ጫፍ ደረቁን መጥረግም አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ያስፈገፍገዋል። አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃና በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አጥቦ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይገባል። የድሬዳዋ ውሃ ማፍያው ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የሚያውቅ ሰው ሌንሱ ላይ ውሃው በራሱ እስኪደርቅ አይጠብቅም።

ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው ሌንስ፣ ፎቶክሮሚክ፣ ለእኛ አካባቢ ሲሸጥ የማይነገሩ ሁለት ባሕርያት አሉት። ሙቀት ሲጨምር የሚጠቁረው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ሌንስ በቀዝቃዛው የሐረር ጠዋት ከድሬዳዋ ቀትር ይልቅ ይጠቁራል። የመኪና የፊት መስታወት ደግሞ የሚያጠቁረውን ጨረር ስለሚያስቀር በተዘጋ መኪና ውስጥ ለሾፌር እምብዛም አይጠቅምም። ከቤት ወደ ደጅ ለሚመላለስ ነጋዴ ወይም መምህር ግን ምቹ ነው።

የፀሐይ መነጽርን በተመለከተ ጥቁረትና መከላከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መፈለግ ያለበት እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን አልትራቫዮሌት የሚከለክል መሆኑ ነው፤ ጠቁሮ ይህን የማይከለክል ሌንስ ብሌንን በጨለማው ስለሚያሰፋው ይባስ ብሎ ጨረሩን ያስገባል። መነጽር ቤቶች ይህን በመሣሪያ በደቂቃ ውስጥ ይለኩታል፤ ይጠይቁ። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ1,800 ሜትር በላይ የሆነችው ሐረር ቀዝቃዛ ስለሆነች ብቻ ጨረሯ ያነሰ አይደለም። ፀሐይና አቧራ ለዓመታት የመታው ዓይን ከአፍንጫ በኩል ሥጋ ሲያበቅል በባጃጅና በጭነት መኪና ሾፌሮች ላይ እናያለን። ደረጃ 4 የሚል ምልክት ያለበት እጅግ ጥቁር መነጽር ግን ለመንዳት አይፈቀድም።

ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠውን ሌንስ በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉበት። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች አይመክረውም። ስክሪን ፊት ዓይን የሚደክመው የዓይን መርገብገብ ስለሚቀንስና ዓይን በአንድ ርቀት ላይ ተተክሎ ስለሚቆይ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ወደሚርቅ ነገር ማየት በነጻ ይገኛል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚያሳየው ርቀት | ሁለቱ ዓይኖች ቢለያዩ | ለደረጃና ለመንገድ | መልመድ | ዋጋና መተካት |
|---|---|---|---|---|---|
| ዝግጁ የንባብ | ቅርብ ብቻ | አይሆንም | አውልቆ መሄድ | አያስፈልግም | ዝቅተኛ፣ ወዲያው ይተካል |
| በማዘዣ የሚሠራ የንባብ | አንድ የተመረጠ ርቀት | ይሆናል | አውልቆ መሄድ | ከሞላ ጎደል የለም | መካከለኛ |
| ባይፎካል | ሩቅና ቅርብ | ይሆናል | ጥንቃቄ ይሻል | ጥቂት ቀናት | ከመካከለኛ ከፍ ያለ |
| ፕሮግረሲቭ | ሩቅ፣ መካከለኛና ቅርብ | ይሆናል | ጥንቃቄ ይሻል | እስከ ሁለት ሳምንት | ከፍተኛ፣ መተካቱም ውድ |
| ሁለት የተለያዩ መነጽሮች | ሩቅ አንዱ፣ ቅርብ ሌላው | ይሆናል | ከሁሉ የተሻለ | የለም | መካከለኛ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል |
| ኮንታክት ሌንስ | በዋናነት ሩቅ | ይሆናል | ጥሩ | ሥልጠናና ንጽሕና | ተደጋጋሚ ወጪ |

ለማን የቱ?

ገንዘቡ ጠባብ የሆነ ሰው ያለውን ከሌንሱ በፊት በምርመራው ላይ ያውለው፤ ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ከሆኑ ትክክለኛውን ቁጥር በወረቀት ይዞ ዝግጁ መነጽር ይግዛ። ቁጥሩን ሳያውቅ ሦስት ጊዜ ከሚገዛ ይህ ይረክሳል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ርቀት ለሚሠራ ሰው፣ ልብስ ሰፊም ይሁን የባንክ ሠራተኛ፣ በሥራው ርቀት ተለክቶ የተሠራ ነጠላ መነጽር ከፕሮግረሲቭ ይበልጥበታል፤ ኮምፒውተሩ 65 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ ለ40 ሴንቲሜትር የታዘዘ የንባብ ቁጥር አይሆነውም፣ ይህን ለመርማሪው ይንገረው።

ለመምህር፣ ለሱቅ ባለቤት፣ ስብሰባ ለሚመራና ገንዘቡም ለሚፈቅድለት ሰው ፕሮግረሲቭ ተገቢ ነው፤ በተለይ ከ50 ዓመት በፊት ቢጀምረው፣ የንባቡ ጭማሪ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ዳሩ ላይ ያለው መዛባትም ይቀንስለታል፣ ቶሎም ይለምደዋል። ፕሮግረሲቭ ሞክሮ ያቃተው ወይም ገንዘቡን ሊያወጣ የማይፈልግ፣ ኮምፒውተር ላይ የማይሠራ ሰው በባይፎካል አይከፋም። የባጃጅ ሾፌር ሩቁ የሚጠራለት ከሆነ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ጨረር የሚከለክልና አቧራ የሚያስቀር፣ ጎኑ ሰፋ ያለ የፀሐይ መነጽር ነው፤ ለመልስ ብር መቁጠሪያ ዝግጁ መነጽር ኪሱ ውስጥ ይበቃዋል። ደረጃ ለሚበዛበት ቤት አረጋውያን ሁለት መነጽር፣ የመንገዱ በአንገት ማንጠልጠያ ገመድ፣ ይሁንላቸው።

መነጽሩ ተሠርቶ ሲረከቡ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይቀመጡ፤ የሚያነቡትን ወይም የሚሰፉትን ነገር ከቦርሳዎ አውጥተው በለኩት ርቀት ይሞክሩት። አንድ ዓይን በተራ ይሸፍኑ። ወደ በሩ ተራምደው መንገዱን ይዩ። የሌንሱ ቁጥር ከማዘዣው ጋር አንድ መሆኑን በመሣሪያው ፊትዎ እንዲለኩልዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መደናገር የተለመደ ነው፤ ሁለት ሳምንት አልፎ ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ግን መነጽሩንም ወረቀቱንም ይዘው ወደ መርመረዎት ባለሙያ ይመለሱ።